ያለማዘዣ ለሚያክሙን ሊቃውንት የቀረበ ምስጋና

ጥንቃቄ የት እንደሚያስፈልግና የት እንደማያስፈልግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ክትባት ሲመጣ መርማሪ፣ መድኃኒት ቤት ሲገባ ግን ጭምት የሚሆነው ወገናችን ነው። በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር፣ «ማን ሠራው? ለምን በነፃ ሆነ? የልጄን ሰውነት ቢያዳክምስ?» እያለ የጤና ባለሙያዋን አፋጥጦ የያዘው እርሱ ነበር። ይኸው አባት ጉልበቱን በቆረጠመው ማግስት ጥያቄዎቹን ሁሉ ደጅ ትቶ ወደ ፋርማሲ ይዘልቃል።

ማዘዣው ከኪሱ የሚያወጣው የኪኒን ማሸጊያ ቁራጭ ነው። ስሙ ተቀዶ ጭራው ብቻ ቀርቷል፤ የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን የታተመበት ወገን ደግሞ ጎረቤት ቤት ነው። «ዶክተር፣ እንደዚች ያለች ሃያ ፍሬ ስጠኝማ፤ እትዬን ከአልጋ ያነሣቻቸው እርሷ ናት» ይላል። ከባንኮኒው ወዲያ የቆመው ወጣት ዶክተር አለመሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ማዕረጉ የማዘዣውን ቦታ ስለሚሸፍን ግን ማንም አያርመውም።

ይህች ኪኒን ፕሬድኒሶሎን ትባላለች፤ ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣትና ማበጥ፣ የምታበርድ መድኃኒት ናት። ይህን ያህል መታመኗም ያለምክንያት አይደለም። የእርሷ ዘመድ የሆነው ኮርቲዞን እ.ኤ.አ. በ1948 በመገጣጠሚያ ብግነት ለምትሠቃይ ሕመምተኛ ተሰጥቶ በቀናት ውስጥ በእግሯ ስላስኬዳት፣ ተመራማሪዎቹ በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። መድኃኒቱ ወደ ሕዋሳት ዘልቆ ብግነትን የሚቀሰቅሱት ኬሚካላዊ መልእክቶች እንዳይመረቱ ያግዳል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ተጎዳው ስፍራ እንዳይጎርፉ ያደርጋል። ክትባት የሰውነትን መከላከያ ጠላቱን እንዲለይ ሲያሠለጥን፣ ይህች ኪኒን በብዛትና ለረዥም ጊዜ ስትወሰድ መከላከያውን በእርግጥ ታዳክማለች፤ ወገናችን የፈራውን ነገር በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ መዋጡ ግን የቆራጥነቱ ምስክር ነው። እንቅልፍ ነሣኝ ብሎ የግቢውን ውሻ አፍ ያሰረ ሰው ሌሊቱን በሰላም ማደሩ አይቀርም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ በሚገመተው ሰው ላይ ሳያሳምም እንደሚያደባው ሁሉ በእርሱም ሳምባ ለዓመታት ታግቶ የኖረው የቲቢ ባክቴሪያ በዚህ ሰላም ተጠቅሞ ብድግ ቢል፣ እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው።

የውበቱም ነገር አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፊቱ ክብ ብሎ ይሞላል፣ ዘመድ አዝማድም «እሰይ፣ ተመችቶሃል!» እያለ ይስመዋል። የክንዱና የጭኑ ጡንቻ መክሳቱን፣ ስኳሩና የደም ግፊቱ መጨመሩን፣ አጥንቱ መሳሳቱን የሚያነሣ የለም፤ ጉንጭ ሲሳም እነዚህ አይታዩምና።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን አቋራረጡ ነው። ሐኪሞች ለሳምንታት የተወሰደውን መጠን ቀስ በቀስ ቀንሱ የሚሉት፣ ይህን መሰል ሆርሞን የሚያመርቱት፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ከውጭ በሚገባው ተተክተው ሥራ ስለሚፈቱና ድንገት ሲጠሩ ስለማይነሡ፣ የደም ግፊትም እስከ ሞት ሊያደርስ በሚችል ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል ነው። እርሱ ግን ገንዘቡ ባለቀበት ዕለት ቁርጥ ያደርገዋል።

በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር እርሱን የሚያማክር መጥፋቱ ያሳዝናል። ኩላሊት የተተከለለት ምስኪን ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይዋጋ መከላከያውን የሚያዳክሙትን መድኃኒቶች፣ ታክሮሊመሱን፣ ማይኮፌኖሌቱንና ይህችኑ ፕሬድኒሶሎን፣ ሰዓት ጠብቆ ይውጣል፤ የታክሮሊመሱ መጠን በደሙ ውስጥ ይለካል፤ ትንሽ ቢያተኩሰው ሳያድር ይመረመራል፤ እንደ ኩፍኝ ያለው፣ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባትም በእርሱ ሰውነት ሊራባ ስለሚችል ይከለከላል። ይህ ሁሉ ድካም ሰውየው የሚወስደውን በስሙ ስለሚያውቅ የመጣ ጣጣ ነው።

የእኛ ሊቅ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ሳሉ ወር አልፎት፣ ሌሊት ሌሊት እያላበው ጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ ነርሷ ካርዱን ይዛ «አባባ፣ በቋሚነት የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ትጠይቀዋለች።

«ኧረ የለም ልጄ፤ እኔ ሲፈጥረኝም መድኃኒት አልወድ።»