ያጨበጨብንበት ሐሙስ

የጅማ ሰዎች ሆይ፣ በተለይም ልጆቻችሁን በመንግሥት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ወላጆች፣ ባለፈው ዓመት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሠራነውን ሥራ እስካሁን አንሥቶ የተናገረው ሰው ስለሌለ እኔ ልናገረው ተገድጃለሁ። ለብዙዎቻችሁ ትንሽ ነገር መስሎ አልፏል። እኔ ግን ይቅር ልለው አልቻልሁም።

መጻሕፍቱ የመጡት በጥቅምት ነው። በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ አዳዲስ መጻሕፍት ነበሩ፤ ለታናናሾቹ ባለ ሥዕል ተረቶች፣ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ለዕድሜያቸው የሚመጥኑ ልቦለዶች። ርክክቡ ደማቅ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ቡና ተፈላ፣ ሕፃናቱ ካርቶኖቹን ከበው ፎቶግራፍ ተነሡ፣ የንባብ ባህልን ስለማዳበርም ረጅም ንግግር ተደረገ። በማግሥቱ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት መቀበያ ቅጽ ገቢ አደረጋቸው፤ ማኅተም ተመታባቸው፣ ቁጥር ተሰጣቸው፣ ከዚያም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ገብተው ተቆለፈባቸው። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት እየመጡ ሽፋናቸውን በመስተዋቱ ያዩ ነበር። ለምን አይሰጧቸውም ተብሎ ሲጠየቅ ርእሰ መምህሩ ሁልጊዜ የሚመልሰው «ካያያዝ ይቀደዳል» እያለ ነው።

ቁም ሣጥኑ የሚከፈተው ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ነበር። በአንዱ የጉብኝት ቀን መጻሕፍቱን አውጥተው እንዲደረድሩ ከታዘዙት ተማሪዎች መካከል የነበረች አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ፣ ሲመልሱ አንዱን በሹራቧ ውስጥ ከትታ ወደ ቤቷ ወሰደችው። እናቷ ሂርማታ ገበያ ቅመማ ቅመም የምትቸረችር ሴት ናት። እናትየዋ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ልጅቷ ማታ ማታ መጽሐፉን ለሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ታነብላቸው ነበር፤ ትንሹ ሥዕሉን ካልነካሁ እያለ ስላስቸገራት እጁን እያስታጠበች ታስነካው ነበር። ሽፋኑ እንዳይላላጥ የመማሪያ መጽሐፍ እንደሚለበጠው በጋዜጣ ለበጠችው፤ ከጋዜጣው በላይም ላስቲክ ጨመረችበት። አንብባ ስትጨርስ ማንም ሳያስገድዳት ልትመልሰው ይዛው ሄደች፤ ቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ልትወጣ ስትል የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በር ላይ ያዛት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስትወስድ ያያት ሰው አልነበረም። የተያዘችው ስትመልስ ነው።

ይህ ረቡዕ ሆነ። በማግሥቱ ሐሙስ ጠዋት፣ እናትየዋ በሳምንቱ ዋና የገበያ ቀን መደቧን ለጎረቤት አደራ ብላ ተጠርታ መጣች። እኛም ወላጆች ስለ መዋጮ ልንነጋገር ተጠርተን ከሰልፉ ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ርእሰ መምህሩ ልጅቷን ከፊት አውጥቶ መጽሐፉን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ይዛ እንድትቆም አዘዛት፤ የሕዝብ ንብረት የሚሰርቅ ሌባ ይህን እንደሚመስልም ለተማሪው ሁሉ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። ከዚያ መጽሐፉን ከእጇ ተቀብሎ፣ ምን ያህል እንደጎዳችው ሊያሳየን ይመስላል፣ ልባሱን በፊታችን ቀደደው። ከሥሩ የወጣው ሽፋን እንደ አዲስ ነበር። ለአፍታ ዝም አለ። ዝምታው ያሳፍረው ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን እናትየዋን ወደ ፊት ጠራት። እሷም በአፋን ኦሮሞ ይቅርታ እየጠየቀች በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ተንበረከከች።

ያን ጊዜ ከእኛ መካከል አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎችም ተከተሉት። አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ሥነ ምግባር እንዲህ ነው የሚሰጠው» አሉ። እኔ አላጨበጨብሁም፤ ከተቀመጥሁበትም አልተነሣሁም፤ ስለዚህ ለልጅቷ ከአጨብጫቢዎቹ የተለየሁ አልነበርሁም። እናትየዋ ሁለተኛ እንዳይደገም ፈርማ፣ መጽሐፉ ሳይጎድልና ሳይጎዳ ዋጋውን ክፈይ ተብላ ሄደች። መጽሐፉም ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ።

ርእሰ መምህሩ የሚጠቅሰው ምሳሌ ግማሽ እንደቀረው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ነው የሚባለው። በድምፅ ማጉያ በአንዲት ሕፃን ላይ የተነገረው ቃል እስካሁን ፈራጅ አላገኘም። ልጅቷ ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ ነገር ግን በዚያ ቤተ መጻሕፍት በር አታልፍም። ወንድሟ ያንን ታሪክ ድገሚልኝ ሲላት ረስቼዋለሁ ትለዋለች አሉ። ለልጆች ተብሎ የመጣን መጽሐፍ ከጥቅምት እስከ ክረምት ከልጆች የደበቀ ሰው የንብረት ጠባቂ ተብሎ ሲመሰገን፣ አንብባ የመለሰችው ሌባ መባሏ የማያንገበግበው ወላጅ ምን ዓይነት ወላጅ ነው? እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ መጽሐፍ ሰረቀ ቢሏችሁ በልባችሁ ልትደሰቱ ይገባ ነበር፤ እየቀጣችሁም ቢሆን።

የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ አልወቅሳትም። ያንን መስተዋት የቆለፈው ክፋት ብቻ አለመሆኑንም አውቃለሁ። አንድ መጽሐፍ በስሟ በሞዴል 22 ወጪ ከሆነ በኋላ ቢጠፋ ከደመወዟ ይቆረጣል፤ አርጅቶ ቢገነጠል ለማስወገድ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤና ፊርማ ያስፈልጋል፤ አንድም ልጅ ሳይነካው ቢቀር ግን የሚጠይቃት የለም። በቆጠራ ጊዜ ቁጥሩ ከሞላ ምስጉን ሠራተኛ ናት። እንዲህ ያለ አሠራር ዘርግተን ስናበቃ መጽሐፍ እንድታውስ መጠበቅ ግፍ ነው። የተረት መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ቋሚ ዕቃ ሆኖ መመዝገብ የለበትም። በብዙ ሕፃናት እጅ ሲያልፍ ያረጃል፤ አርጅቶ መወገዱም ሥራውን ለመሥራቱ ማስረጃ እንጂ የሰው ጥፋት አይደለም።

እንዲህ የምናደርገው ልጆቻችን ማንበብ ተርፏቸው ቢሆን እሺ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ከመደርደሪያው ቢያጣ፣ ቁጭቱን ይዞ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሐዋሳ ላይ አህያ በሚስበው ጋሪ መጽሐፍ ወደ ልጆች መሄድ ጀመረ። እኛ ደጃችን ድረስ የመጣልንን ቆለፍንበት። በአባ ጅፋር ዘመን ደረሶች ከሩቅ አገር ለዕውቀት ይመጡባት የነበረች ከተማ ልጆች መሆናችንን በየመድረኩ ስንናገር ግን አፋችንን አይዘንም።

አሁን የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በመጪው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተገኝታችሁ፣ ለሕፃናት የተሰጡ መጻሕፍት ለውሰት እንዲውሉ፣ ለሚጠፋውና ለሚቀደደውም እኛ ወላጆች በጋራ እንጂ ሠራተኛዋ ብቻዋን እንዳትጠየቅ በቃለ ጉባኤ አስፍሩልኝ። ለሠርግና ለድግስ የምናዋጣ ሰዎች ነን፤ በዓመት ጥቂት መጽሐፍ መተካት አያከስረንም። ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎቹን ለማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ወደየቀበሌው ሲያወጣ፣ ከፊሎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የውሰት መዝገቡን እንዲይዙ ብንጠይቅ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ለልጅቷና ለእናቷም በዚያው ሰልፍ ላይ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ይቅርታ ይጠየቅ። ይህን ጉዳይ በግል ያነሣሁባቸው ወላጆች አብዛኞቹ «ተወው፣ ልጆቻችንን ይበቀሉብናል» አሉኝ፤ ፍርሃታቸው ከንቱ ነው አልልም። ሁለት እናቶች ግን እንመጣለን ብለዋል፤ አንደኛዋ በዚያ ሐሙስ ካጨበጨቡት ናት። ሦስታችን ሆነን ጥያቄውን በጽሑፍ እናስገባለን፤ አራተኛና አምስተኛ ፈራሚ ቢገኝ ደግሞ ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ለመክተት ትንሽ ይቸገራል።