ስለ ፒተር በርኔት የተባለው ነገር ይስተካከል

ሰሞኑን ሼር እየተደረገ ያለው ጽሁፍ የካሊፎርኒያ የመጀመሪያው ገዢ ፒተር በርኔት "ለጥቁሮች ነጻነት የቆመ የድንበር (አዲስ የሚሰፈርበት የምዕራብ አሜሪካ አካባቢ) ጠበቃ" ነበር ይላል፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ ዝም ብሎ የሚታለፍም አይደለም።

ጠበቃነቱ እውነት ነው። ሚዙሪ የሚባለው የአሜሪካ ግዛት እያለ የሞርሞን ሃይማኖት መስራች ጆሴፍ ስሚዝና ባልደረቦቹ በታሰሩ ጊዜ ከጠበቆቻቸው አንዱ ነበር፣ ህዝቡ በጠላቸው ሰዓት ነው የቆመላቸውና ለዚህስ ሊመሰገን ይገባል። ግን በ1843 (ሁሉም ዓመት በፈረንጆቹ ነው) ወደ ኦሬጎን ከሄደ በኋላ ያለውን እዩ፣ በ1844 ያወጣው ህግ ባርነትን ይከለክላል ካለ በኋላ ነጻ ጥቁሮች ራሱ ግዛቱን ለቀው እንዲወጡ ያዛል፣ ወንዱ በ2 ዓመት ሴቷ በ3 ዓመት፣ ካልወጡ ደሞ ከ20 እስከ 39 ግርፋት! ሳይተገበር መሻሩ የሱ ውለታ አይደለም።

ስልጣን የያዘው ካሊፎርኒያ ስቴት ከሆነች (እንደ አንድ ክፍለ ግዛት ወደ አሜሪካ ህብረት ከገባች) በኋላ ነው የተባለውም ስህተት ነው፣ እሱ የገባው ዲሴምበር 1849፣ እሷ ስቴት የሆነችው ሴፕቴምበር 1850። ጃንዋሪ 1851 ላይ የአገሬው ተወላጆች ዘራቸው እስኪጠፋ ጦርነቱ እንደሚቀጥል ለምክር ቤቱ ተናግሮ በቀናት ውስጥ ስልጣኑን ለቀቀ።

በ1858 ደሞ ዳኛ ሆኖ አርቺ ሊ የሚባል በባርነት የተያዘ ጥቁር ወጣት ጉዳይ ቀረበለት፣ ጌታው አርቺን በባርነት እንዲይዝ ህጉ እንደማይፈቅድ ራሱ ጽፎ ሲያበቃ ጌታው ገና ልጅ ነው፣ ታማሚ ነው፣ ህጉንም አያውቅም ብሎ አርቺን መልሶ አስረከበው። አርቺ ግን በኋላ በሌላ ውሳኔ ነጻ ወጥቶ ወደ ቪክቶሪያ ካናዳ ሄዷል።