ነብርን ያደነቀ ፍልፈልንም ይይ

ጅማ ላይ የዱር እንስሳ ወሬ ከተነሳ ቀድሞ የሚጠራው ነብር ነው። ይገባዋልም። በደቡብ ምዕራብ የቡና ደኖቻችን ውስጥ ዛሬም አለ፤ ጥቁሩ ገሰላም የእሱው ዘር ነው። ከራሱ የሚከብድ ታዳኝ በጥርሱ ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል። የተቆጣ ሰው እንኳ «ነብር አየኝ በል» እያለ ነው የሚዝተው።

ፍልፈል ግን ስሙ የሚነሳው ለእርግማን ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ በአፈጣጠሩ ከነብር አያንስምና።

እስቲ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ክብደቱ ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። ዓይኖቹ እንደ ጎመን ዘር ጥቃቅን ናቸው። ጆሮው ጸጉሩ ውስጥ ተደብቋል። የፊት ጥርሶቹ ግን ትልልቅ ናቸው፤ ከንፈሩ ከኋላቸው ይገጥማል። ስለዚህ አፈሩን በጥርሱ እየፈነቀለ ሲቆፍር አፉ ውስጥ አይገባበትም። ጥርሱ በቁፋሮ ይበላል፤ ዕድሜ ልኩን ደግሞ ያድጋል። ነብር ጥፍሩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ስለቱን ይጠብቃል። ፍልፈል እየሠራ ይስላል። የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ መምረጥ ያቅተኛል።

የገበሬው ምሬት እውነት ነው። እንሰቱ ቆሞ ሳለ ፍልፈሉ ከስር አምቾውን፣ አፈር ውስጥ ያለውን ወፍራም ሥሩን፣ ይበላዋል። ቅጠሉ ጠውልጎ ሲታይ አልፏል፤ ገፋ ሲያደርጉት ይወድቃል። ቆጮ ለመሆን ዓመታት የተጠበቀ ተክል ነው። ይህን ኪሳራ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ማጥመድ የገበሬው መብት ነው። ልምድ ያለው ሰው መሿለኪያውን ይከፍትና ከታጠፈ እንጨት ጋር የታሰረ ማነቆ ያስቀምጣል። ፍልፈል ቤቱ ተከፍቶ ዝም አይልም። ሊደፍን ሲመጣ ይያዛል። የተያዘው ያ ያጠፋው ብቻ ነው፤ ብቻውን ስለሚኖር ሌላ አይነካም።

የምቃወመው መርዙን ነው። መርዝ የበላ አይጥም ሆነ ፍልፈል ወዲያው ላይሞት ይችላል። ሲንገዳገድ ጉጉት ያነሳዋል፤ ወይም ጥርኝ ይበላዋል፤ መርዙም አብሮ ይሻገራል። ጥርኝ በዝባዱ የሚታወቅ የአካባቢያችን እንስሳ ነው፤ አይጥም ይቀንስልናል። ነብርም ቢሆን ትንሽ እንስሳ አይንቅም፤ ካጣ አይጥ ይበላል።

ባሌን እዩ። እዚያ ያለው ግዙፉ ፍልፈል አንድ ኪሎ ይጠጋል። በመላ አገሪቱ ከ500 አካባቢ የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች በባሌ ዋና ምግባቸው እሱ ነው። እሱ ቢጠፋ ቀበሮውን ምን ያቆየዋል?

ስለዚህ ከጅማ ዞን የግብርና ባለሙያዎች አንድ ነገር እጠብቃለሁ። ወደ እንሰት ጓሮ ስትወርዱ መጀመሪያ ማነቆውን አሳዩ። መርዝ የሚሸጡ ሱቆችም አደጋውን ገበሬው በሚረዳው በኦሮምኛና በአማርኛ ይንገሩት፤ የሞተውን እንስሳ በጥልቀት እንዲቀብርም ያሳስቡት።