«ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ» ሕክምና አይደለም

ሦስት ዓመት ሙሉ ማጅራቴንና ወገቤን እያመመኝ ስመላለስ፣ ከገባሁባቸው የሕክምና ክፍሎች በአንዱም ውስጥ «እስቲ ተነሺና ቁሚ፣ አቋምሽን ልየው» ያለኝ ሰው አለመኖሩን ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሬ እውላለሁ፤ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ ደግሞ አመሻለሁ። ሕመሙ ከማጅራቴ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ይወርዳል፤ ሲብስበትም ራስ ምታት ሆኖ ከጆሮዬ ጀርባ ይቀመጣል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዘዘልኝ፤ ጨጓራዬን አቃጠለኝና ተውኩት። ሁለተኛው ቦታ ራጅ ተነሥቼ «አጥንትሽ ደህና ነው» ተባልኩ። ሦስተኛው ቦታ ኤምአርአይ ታዘዘልኝ፤ ከደመወዜ አብቃቅቼ ከፍዬ ብነሣ «ዲስክሽ፣ በአከርካሪ አጥንቶችሽ መካከል ያለው ትራስ፣ ትንሽ ወጣ ብሏል» ተብዬ ለወራት በፍርሃት ኖርኩ። እንዲህ ዓይነቱ ለውጥ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይ ጭምር በብዛት እንደሚታይ የነገረኝ አልነበረም። ከሦስቱም ቦታ ስወጣ የተሰጠኝ ምክር አንድ ነበር፤ «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ»። ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሼ እጎብጣለሁ። ይህንንም እንደ ራሴ ስንፍና ቆጥሬ ራሴን ስወቅስ መኖሬ ከሁሉም በላይ ያበሳጨኛል።

ተስፋ ስቆርጥ ትከሻን ወደ ኋላ የሚስብ ቀበቶ ገዛሁ፤ ብብቴን ከመላጡ በቀር አንገቴ ወደ ፊት እንደ ወጣ ቀረ። ቀጥሎም በስልኬ ያየሁትን ቪዲዮ ተከትዬ፣ ሆዴ ከጠነከረ ወገቤ ይድናል ብዬ በየቀኑ 50 ሲት አፕ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ወደ ላይ ቀና እያሉ መነሣት፣ መሥራት ጀመርኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋ መነሣት አቃተኝ።

በመጨረሻ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ እንድቆም አድርጋ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን እየዞረች አየችኝ። ከጎን ሲታይ ጆሮ፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሊውሉ፣ መስመሩም ከጉልበትና ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ወደ ፊት ሊያልፍ እንደሚገባ እያሳየች አስረዳችኝ። ከዚያም ተረከዜንና ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፋ ጭንቅላቴን እንዳስነካ ጠየቀችኝ፤ አገጬን ሳላነሣ አልደርስ አለኝ። ክፍተቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችው፤ 6 ሳንቲ ሜትር። አልጋው ጫፍ ላይ አስተኝታኝ አንዱን ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሳቅፍ፣ ሌላው ጭኔ ወደ አልጋው መውረድ ሲገባው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዳሌዬን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከመቀመጥ ብዛት አጥረው ነበር፤ ሲት አፑም የሚያሠራው እነሱኑ ኖሯል። አገጬን ሰብስቤ ጭንቅላቴን ከትራሱ ትንሽ ከፍ እንዳደርግ ስታዘኝ ደግሞ ገና 9 ሰከንድ ላይ አንገቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባቀረቀርን ቁጥር አንገት የሚሸከመው ጫና ይጨምራል። አንድ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ስሌት በ60 ዲግሪ ሲያቀረቅሩ ጫናው ወደ 27 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ግምት ቢሆንም ማጅራቴ ግን ያምነዋል። ባለሙያዋ ፍጹም የሚባል አቋም እንደሌለ፣ ትልቁ ጥፋት በአንድ ሁኔታ ለሰዓታት መቆየት መሆኑንም አልሸሸገችኝም። የሰጠችኝ እንቅስቃሴ አራት ብቻ ነው፤ አገጭን ወደ ኋላ መሳብ፣ በር መቃን ላይ ደረትን መዘርጋት፣ በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ የጭንን ፊት መሳብ፣ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ወደ ላይ ማንሣት። በቀን ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በዐሥረኛው ሳምንት ሜትሩ 3 ሳንቲ ሜትር አሳየ፤ በሳምንት አራት ቀን ይጥለኝ የነበረው ራስ ምታትም በወር አንዴ ሆነ።

ታዲያ አንድ ግድግዳና አንድ ሜትር ያገኙትን ነገር ለማግኘት ሦስት ዓመት፣ አንድ ኤምአርአይና አንድ ጨጓራ መክፈል ነበረብኝ? ወረፋው ብዙ፣ ሐኪሙም ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ማየት ካልተቻለ ወደሚያይ ባለሙያ መላክ በአንዲት ወረቀት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤቴም ቢሆን ስክሪኑ ወደ ዓይኔ ከፍታ እንዲነሣልኝ ብጠይቅ በጀት የለም አለ። በሁለት እሽግ ወረቀት ላፕቶፑን ከፍ አድርጌ፣ በራሴ ገንዘብ ኪቦርድ ገዝቼ ስሠራም ጠረጴዛዬ ዝርክርክ ሆኗል ተብዬ ተነገረኝ።

ትናንት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ማጅራቷን ይዛ ከሐኪም ተመለሰች፤ ወረቀቷ ላይ ያው ዳይክሎፌናክ ተጽፎበታል። ከመዝገብ ቤቱ ግድግዳ አስጠግቼ አቆምኳት፤ በጭንቅላቷና በግድግዳው መካከል አራት ጣቴ ገባ። ቅዳሜ ወደ ባለሙያዋ አብረን እንሄዳለን።