ስድቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ይውረድ

በምሥራቅ ጀርመን፣ በኤልብ ወንዝ ዳር በምትገኘው ቪተንበርግ፣ በአሮጌው ከተማ መሐል የማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ስሟ በጽሑፍ ላይ መገኘት የጀመረው ከ1187 አንሥቶ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር ለብዙ ዓመታት የሰበከው እዚህ ነው። በር ላይ ለጥፏቸዋል ስለሚባሉት 95 የተቃውሞ አንቀጾች የሚተረከው ታሪክ የሌላዋ፣ የቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ1522 ሁከት የገባባትን ከተማ በተከታታይ ስብከቶች ያረጋጋው ግን እዚህ ሆኖ ነው።

በዚህች ቤተ ክርስቲያን የውጭ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተቀረጸ የድንጋይ ምስል አለ። አይሁዳውያን የአሳማ ጡት ሲጠቡ፣ አንድ ረቢ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ደግሞ ጅራቷን ገልጦ ሲመለከት ያሳያል። አሳማ በእኛም ዘንድ ርኩስ ስለሆነ የስድቡን ክብደት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ተመሳሳይ ምስሎች በሬገንስቡርግና በኮሎኝ ካቴድራሎችም አሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የሉተር ነገር ነው። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ መጥቶ ከሉተርና ከተሐድሶ ባልደረባው ከፊሊፕ ሜላንክተን ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይቶ ነበር። ሉተር በጥሞና ሰማው፤ የሥጋ ወደሙ ሥርዓታቸው እንደሚስማማም መስክሮ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። ከሩቅ አገር የመጣን እንግዳ እንዲህ የተቀበለ ሰው፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ1543 አይሁዳውያንን የሚያዋርድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በውስጡም ይህንኑ የግድግዳ ምስል እየጠቀሰ ተሳለቀ። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1570፣ የእግዚአብሔርን ቅዱስ ስም የሚያቃልል ጽሑፍ ከምስሉ በላይ ተቀረጸ፤ ቃሉ የተወሰደው ከዚያው መጽሐፍ ነው።

አንድ የአይሁድ እምነት ተከታይ ምስሉ እንዲነሣ ከሶ እስከ ጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2022 ክሱን ውድቅ አደረገው። ምክንያቱ በ1988 ከምስሉ ሥር መሬት ላይ የተነጠፈው የነሐስ መታሰቢያና አጠገቡ የቆመው ማብራሪያ ናቸው። መታሰቢያው በናዚ ዘመን በመስቀል ምልክት ሥር ስላለቁት 6 ሚሊዮን አይሁዳውያን ይናገራል። በእነዚህ ምክንያት የውርደት ምልክት የነበረው የማስጠንቀቂያ ሐውልት ሆኗል ተባለ።

ዳኞቹን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ስድቡ ላይ፣ ጸጸቱ ታች ነው። መንገደኛ ቀና ሲል የሚያየው ስድቡን ነው፤ ይቅርታውን ለማንበብ ግን ማጎንበስ አለበት። ደግሞም ግድግዳው የሚጸለይበት ቤት ግድግዳ ነው፤ በላዩ ያለው ሁሉ ምእመናኑ ዛሬም የሚሉት ይመስላል።

«ይነሣ ማለት ታሪክን መደምሰስ ነው» የሚሉ ወገኖች ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ማስረጃ ከተደበቀ ነገ የሚክድ ይመጣል። ነገር ግን ይሰበር ያለ የለም። የመካከለኛው ዘመን ሐውልቶች ከዝናብና ከብክለት ለመዳን ወደ ሙዚየም መግባታቸው በአውሮፓ የተለመደ ነው። ምስሉም ቢሆን ሳይነካ የኖረ አይደለም፤ የ1570ው ትውልድ የራሱን ስድብ ጨምሮበታል። ያ ትውልድ ለመጨመር ሥልጣን ከነበረው፣ የዛሬው ለማውረድ እንዴት ያጣል?

ደብሩ ራሱ የሰየመው የባለሙያዎች ቡድን እንዲወርድና በቅርብ ቦታ ከነማብራሪያው እንዲታይ መክሮ ነበር። የደብሩ ጉባኤ ግን በጥቅምት 2022 ባለበት ይቆይ ብሎ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ የፈረደው ማንሣት ግዴታ አይደለም ብሎ ነው እንጂ አታንሡ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ጉባኤው የባለሙያዎቹን ምክር እንደገና አጀንዳ ሊያደርገው ይችላል፤ ሊያደርገውም ይገባል።