እጅ ይቅደም ወይስ አንደበት? የባዮሜዲካል ሳይንስ ተማሪ ውጤቱን በገለጻ ማቅረብ ያለበት መቼ ነው?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «የመጀመሪያ ዓመት የባዮሜዲካል ሳይንስ ተማሪ የፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚስብና የሚለቅ የእጅ መሣሪያ) አያያዙ በልኬት እስኪረጋገጥ ድረስ የላብራቶሪ ውጤቱን በክፍል ፊት በገለጻ ማቅረብ የለበትም።»

ደጋፊ፦

ከ100 ማይክሮሊትር (የሚሊሊትር አንድ አሥረኛ) ውሃ እጀምራለሁ። የክፍሉ ሙቀት 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ይህ ውሃ 99.8 ሚሊግራም ገደማ ይመዝናል። ተማሪው ፒፔቱን 100 ላይ አስተካክሎ፣ 0.1 ሚሊግራም በሚለይ ሚዛን ላይ በተቀመጠች ትንሽ ዕቃ ውስጥ 10 ጊዜ ይጨምር። በየመካከሉ ሚዛኑን ዜሮ ያድርግ፤ ውሃው እንዳይተን ፈጠን ይበል። ከዚያ አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪየሽኑን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ) ያስላ፤ ዴቪየሽኑን ለአማካዩ አካፍሎ በ100 ሲያባዛ የልዩነት መቶኛውን ያገኛል። አማካዩ ከ99.8 ከ1 ሚሊግራም በላይ ካልራቀ፣ የልዩነት መቶኛውም ከ1 በታች ከሆነ አልፏል። ፒፔቶች ራሳቸው በዓለም አቀፉ መስፈርት በአይኤስኦ 8655 መሠረት የሚፈተሹት በዚሁ በሚዛን መንገድ ስለሆነ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን የሙያውን መለኪያ ይለምዳል።

ይህን ፈተና የምወደው ቁጥሩ ጥፋቱን ለይቶ ስለሚናገር ነው። የፒፔቱ መግፊያ ሁለት ማቆሚያ አለው፦ አንደኛው ለመሳብ፣ ሁለተኛው የቀረውን ለማስወጣት። ፈሳሹን ሲስብ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ የሚጫን ተማሪ አማካዩ በቋሚነት ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ጠባብ ሊሆን ይችላል። አውራ ጣቱን በድንገት የሚለቅ ተማሪ አየር ይስባል፤ ቁጥሮቹ ይበታተናሉ፤ ፈሳሹም ወደ ፒፔቱ አካል ሊረጭ ይችላል። ቲፑን (የፒፔቱን ተቀያያሪ ጫፍ) ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር ይልቅ እስከ ግማሹ የሚነክር ደግሞ በውጭ በኩል ጠብታ ተሸክሞ ይወጣል። 50 ማይክሮሊትር ለመውሰድ ባለ 1000 ፒፔት የሚያነሳም አለ፤ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ በታች ሲሠራ የአየር ትራስ ያለው ፒፔት አይታመንም። እንደ ፕሮቲን ያለ የሚያረፋ ፈሳሽ ሲመጣ ሥራው ይገለበጣል፦ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ተጭኖ መሳብ፣ እስከ አንደኛው ብቻ መልቀቅ፣ በቲፑ የቀረውን መጣል።

አሁን ይህ እጅ ተከታታይ ዳይሉሽን (ናሙናን ደረጃ በደረጃ ማቅጠን) ሲሠራ እንይ። 100 ማይክሮሊትር ናሙና ወደ 900 ማይክሮሊትር ማቅጠኛ፣ ስድስት ጊዜ። በየደረጃው 100 ሳይሆን 95 ብቻ ቢያሻግር፣ በስድስተኛው ቱቦ የሚቀረው ከሚጠበቀው 76 በመቶ ያህሉ ነው፤ ሩብ ያህሉ የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፍቷል። ይህ ተማሪ ነገ በክፍል ፊት ቢቆም የሚያቀርበው በሚያምር ቀለም የተሳለ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ለምን ተሳሳተ ተብሎ ሲጠየቅ «ሰው ነኝና ተሳሳትኩ» ብሎ ያልፋል፤ ይህም መልስ አይደለም። ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት የአእምሮ ጫና ንድፈ ሐሳብም የሚደግፈኝ ይመስለኛል፦ ጀማሪ አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነው። ስለ ነገው ገለጻ የሚጨነቅ ተማሪ አውራ ጣቱን አያዳምጥም።

ተቃዋሚ፦

የሚዛኑን ፈተና ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ በሁሉም ቤተ ሙከራ ቢሠራ ደስ ይለኛል። የማልቀበለው ንግግርን ከእጅ ሥራ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ማድረግን ነው። ንግግር መመርመሪያ መሣሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የታወቀውን የፔይተን ባለ አራት ደረጃ የክህሎት ማስተማሪያ ባልደረባዬ ያውቁታል። መጀመሪያ አስተማሪው ዝም ብሎ ይሠራል፤ ቀጥሎ እያብራራ ይሠራል፤ በሦስተኛው ተማሪው እየነገረው አስተማሪው ይሠራል፤ ተማሪው ራሱ የሚሠራው በአራተኛው ነው። አንደበቱ ከእጁ ቀድሟል! ምክንያቱም «እስከ አንደኛው ማቆሚያ እጫናለሁ፣ ቲፑን እነክራለሁ፣ ቀስ ብዬ እለቃለሁ» ብሎ መናገር ያልቻለ ተማሪ ቅደም ተከተሉ በጭንቅላቱ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ነጥቤ ይበልጥ ያሳስበኛል። በሚዛን ፈተና የልዩነት መቶኛው 0.6 የሆነ፣ እጁ የማይነቀፍ ተማሪ እንውሰድ። ማሪዮን ብራድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት መንገድ የፕሮቲን መጠን ይለካል፤ የአልቡሚን ስታንዳርዶቹ (መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀ የፕሮቲን ማነጻጸሪያዎቹ) ከ0 እስከ 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ናቸው፤ ቀለሙ የሚውጠውን ብርሃን በ595 ናኖሜትር ያነባል። አር ስኩዌሩ (ነጥቦቹ ከመስመሩ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙ የሚያሳየው ቁጥር፤ ፍጹሙ 1 ነው) 0.99 ሆነለት። ያልታወቀው ናሙና ግን ከከፍተኛው ስታንዳርድ በላይ አነበበ። ምን ያደርጋል? መስመሩን በማስመሪያ አስረዝሞ መልሱን ይጽፋል። የብራድፎርድ ግራፍ ወደ ላይ ሲሄድ ይጎብጣል፤ የተራዘመው መስመር በእውነታው ላይ የለም፤ ያነበበው የፕሮቲን መጠንም ከእውነተኛው ያንሳል። ማድረግ የነበረበት ናሙናውን አቅጥኖ እንደገና መለካት ነበር። የጽሑፍ ሪፖርቱ ታርሞ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ናሙናው ተጥሏል። በዕለቱ ግራፉን ይዞ ቢቆም ግን አንድ የክፍል ጓደኛው «ነጥቡ ከስታንዳርዶቹ ውጭ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። ቱቦው ገና ጠረጴዛው ላይ አለ።

ሌላም አለ። ከአንድ ናሙና የመለኪያ ሳህኑን ሦስት ጉድጓድ ሞልቶ «ኤን (የናሙናዎቹ ብዛት) 3 ነው» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ያ አንድ ናሙና ሦስት ጊዜ መለካት ነው እንጂ ሦስት ናሙና አይደለም። ሚዛን ይህን አይዝም።

ደጋፊ፦

የፔይተን ሦስተኛ ደረጃ በጠረጴዛ ዳር፣ በሁለት ሰው መካከል የሚሆን ነው። እሱን ማን ይቃወማል? እኔ የምቃወመው በክፍል ፊት የሚደረገውን፣ ነጥብ የሚሰጥበትን ገለጻ ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። 24 ተማሪዎች፣ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ገለጻና 2 ደቂቃ ጥያቄ፦ 144 ደቂቃ። የላብራቶሪው ክፍለ ጊዜ 3 ሰዓት ነው። ፒፔት የሚያዘው መቼ ነው?

ከጊዜው በላይ የምፈራው ግን ማሳመርን ነው። ነገ በጓደኞቹ ፊት የሚቆም ተማሪ ከመስመሩ ያፈነገጠችውን ነጥብ ዛሬ ማታ ይሰርዛታል። ማንም ሳያስተምረው ውጤት ማስዋብ ይለምዳል፤ ይህ ልማድ ሥር ከሰደደ በኋላ ነቅሎ ማውጣት ከባድ ነው። እኔ በመጀመሪያ የምፈልገው የላብራቶሪ ደብተር ነው፦ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ስህተቱ በአንድ መስመር ተሰርዞ የሚነበብ፣ አጠገቡ ቀንና ፊርማ ያለበት፣ የተጣለችው ነጥብ ለምን እንደተጣለች የተጻፈበት። ይህን ያልለመደ ሰው ስላይድ ባይነካ ይሻላል።

ተቃዋሚ፦

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ እጅ የሚፈታበት ሰዓት ብዙ ነው። በኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል በሚሠራው የሳህን ምርመራ) አንዱ የማቆያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 1 ሰዓት ነው፤ ጄል (ዲኤንኤ ወይም ፕሮቲን በኤሌክትሪክ የሚለይበት) በ100 ቮልት ገደማ ከ40 ደቂቃ በላይ ይሮጣል። ተማሪዎቹ አራት አራት ሆነው በስድስት ቡድን ይሥሩ፤ ከየቡድኑ አንድ ሰው ያለፈውን ሳምንት ውጤት ያቅርብ፤ ተናጋሪው በየሳምንቱ ይቀያየር። ስድስት ጊዜ 6 ደቂቃ 36 ደቂቃ ነው። የኤላይዛው ሳህን እስኪደርስ ያልቃል።

የማሳመር ስጋትዎ እውነተኛ ነው፤ አልሸሸውም። መፍትሔው ግን ዝምታ አይደለም፤ የነጥብ አሰጣጡ ነው። ውጤቱ «ትክክል» ስለሆነ ነጥብ አይሰጥ። ግራፉ እያንዳንዱን ልኬት በነጥብ ያሳይ፤ አማካዩን በድፍን ዓምድ ብቻ የሚያሳይ ግራፍ አይፈቀድ። ደብተሩ አጠገቡ ተዘርግቶ ይቀመጥ። ያፈነገጠችውን ነጥብ አሳይቶ ምክንያቷን የገመተ ተማሪ፣ ንጹሕ መስመር ካመጣው በላይ ያግኝ። ያን ጊዜ መደበቅ ያስከስራል።

ገለጻውም ብዙ ስላይድ አይጠይቅም። አንድ ግራፍ ይበቃል። ርዕሱ «የፕሮቲን መጠን» ሳይሆን «የናሙና ሁለት ፕሮቲን ከናሙና አንድ እጥፍ ነው» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን። የአክሲሶቹ ጽሑፍ ከኋላ ወንበር ይነበብ፤ መለኪያው ይጻፍ። የስህተት መስመሩ ስታንዳርድ ዴቪየሽን ይሁን ስታንዳርድ ኤረር (ዴቪየሽኑ ለናሙናዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚገኘው) በግልጽ ይነገር፤ አራት ናሙና ሲኖር ኤረሩ የዴቪየሽኑ ግማሽ ስለሆነ፣ ስሙን ያልጠቀሰ ተማሪ ሳያውቀው ውጤቱን ሁለት እጥፍ አስተማማኝ አስመስሎታል። ቀይና አረንጓዴን ብቻ ለመለያ አይጠቀም፤ የማይለያቸው ዓይን በክፍሉ ውስጥ ይኖራል።

ደጋፊ፦

የማቆያውን ሰዓት ሐሳብ ወስጃለሁ፤ ጥሩ ነው። የነጥብ አሰጣጡንም እስማማበታለሁ። በር ላይ የሚቆመውን ፈተና ግን አለቅም፦ የሚዛኑን ፈተና ሳያልፍ ገለጻው በነጥብ አይያዝ።

ተቃዋሚ፦

እንግዲያው ያ በር ስለማይዘው ነገር ልንገርዎ። «1 ለ 10 አቅጥኑ» ብለው ለክፍሉ ይዘዙ። ግማሹ 100 ከ900 ጋር ይቀላቅላል፤ ጠቅላላው 10 እጅ ሆነ። ሌላው 100 ከ1000 ጋር ይቀላቅላል፤ 11 እጅ ሆነ። ሁለቱም ፒፔታቸው ፍጹም ሊሆን ይችላል። ከስድስት ደረጃ በኋላ የሁለተኛው ወገን ቱቦ ከሚጠበቀው 56 በመቶ ገደማ ብቻ ይይዛል። በእርስዎ ምሳሌ በየደረጃው 5 ማይክሮሊትር ያጎደለው እጅ እንኳ 76 በመቶ አስቀርቷል! ትልቁ ስህተት ከእጅ ሳይሆን ከቃል መጣ፤ የሚያዘውም በቃል ነው።

ደጋፊ፦

ይህን በበሩ ፈተና ላይ እጨምረዋለሁ። ተማሪው ፒፔት ከማንሳቱ በፊት ጮክ ብሎ ይበል፦ «100 ማይክሮሊትር ናሙና፣ 900 ማይክሮሊትር ማቅጠኛ፣ ጠቅላላ 1000፣ በየደረጃው አዲስ ቲፕ።» ከዚያ ሚዛኑ፣ ከዚያ ደብተሩ። አሁን የምንለያየው በሳምንቱ ነው፤ እርስዎ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በክፍል ፊት ይቁም ይላሉ፤ እኔ አራተኛው ላይ ነኝ፤ ፈተናውን የወደቀ ተማሪ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ደግሞ የሚሞክርበት ጊዜ ያስፈልገዋልና።

ተቃዋሚ፦

በሁለተኛው ሳምንት የሚያቀርበው የራሱ 10 የሚዛን ቁጥሮች ይሁኑ፤ የወደቀውም ጭምር፣ ነጥብ ሳይያዝበት። አማካዩ ለምን ከፍ እንዳለ ለክፍሉ ያስረዳ፤ ደግሞ ሲሞክር አውራ ጣቱ የት ላይ መቆም እንዳለበት ያውቃል።