ሲወጣ በአሳንሰር፣ ሲወርድ በእግሩ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2005 ረቡዕ ነበር። በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 1997። እኔ አትላንታ ውስጥ አንድ ጋዝ ስቴሽን ካሸር ነበርኩ። ሃሪኬን ካትሪና የምትባለው አውሎ ነፋስ ሉዊዚያናን ከመታች ገና ሁለት ቀኗ ነው። ከቀትር በኋላ ባለቤቱ ስልክ ደወለ። ሐበሻ ነው፣ ደህና ሰው ነው፣ ስሙን ልተወው።

«አንተ ልጅ፣ ዘንጉን አውጣና ቁጥሩን ቀይረው።»

ያኔ የእኛ የዋጋ ሰሌዳ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አልነበረም። ጫፉ ላይ መምጠጫ ጎማ ያለው ረጅም ዘንግ ነበረን። በእሱ የፕላስቲክ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያወረዱ ሌላ መስቀል ነው። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ወጣሁ። በሦስተኛው የ3 ቁጥር አለቀብኝ። ሦስቱም የቤንዚን ዓይነቶች፣ ሬጉላሩም፣ ፕላሱም፣ ፕሪሚየሙም፣ 3 ዶላርን አልፈዋል። ሰሌዳው ደግሞ ፊትና ጀርባ አለው። ስድስት 3 ያስፈልገኛል፣ ያለኝ አራት። ሁለት 8 ወሰድኩና ግራ ጎናቸውን በነጭ ፕላስተር ሸፈንኩት። ከሩቅ ሲታዩ 3 ይመስላሉ።

ከዘንጉ ጋር ስመለስ የመኪናው ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ደርሷል። ነጠላ ያደረጉ አንዲት እናት ገብተው መስታወቱ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ጠዋት ሳልፍ 2 ከ70 አልነበረም እንዴ?»

«ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ ታች ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቤንዚን ያው የጠዋቱ አይደለም?»

መልስ አልነበረኝም። 20 ዶላራቸውን ተቀብዬ ፓምፕ ቁጥር 4ን ከፈትኩላቸው።

ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ጥያቄያቸውን ለባለቤቱ አነሳሁለት። «ነገ የሚመጣውን ቦቴ በምን ልግዛው?» አለኝ። «ዛሬ በ2 ከ70 ሸጬ ነገ ዲፖው ከ3 በላይ ቢለኝ፣ የጎደለውን አንተ ትሞላለህ?» እውነቱን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ እውነቱን ነበር እላለሁ። ያታለለኝ ይሄኛው መልሱ አይደለም። ሁለተኛው መልሱ ነው። እሱ ከሁለት ወር በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ካትሪና የመታችው ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን ነው። አትላንታ ምን አገባት? አትላንታ ባለችበት በጆርጂያ ግዛት ቤንዚን አይጣራም። ከተማዋ የምትጠጣው በሁለት ትልልቅ ቧንቧዎች ነው። አንዱ ኮሎኒያል ይባላል፤ ከሂውስተን ተነስቶ ኒው ጀርሲ ድረስ ይሄዳል። ሌላው ፕላንቴሽን ነው። ካትሪና መብራት ስታጠፋ ቤንዚኑን የሚገፉት ሞተሮች ቆሙ፣ ሁለቱም ቧንቧዎች ተዘጉ። በቡፈርድ ሃይዌይ በኩል ዶራቪል የምትሄዱ ሰዎች እነዚያን ትልልቅ ነጭ ታንከሮች ታውቋቸዋላችሁ። ዲፖ የምንለው እነሱን ነው፤ የከተማዋ ጓዳ ናቸው። ጓዳ ደግሞ ካልተሞላ የሚቆየው ለቀናት ነው።

ወሬው በስልክ በስልክ ተዳረሰ። «ማታ ቤንዚን ያልቃል» ተባለ። ግማሽ ታንክ ያለውም፣ ሩብ ብቻ የጎደለውም ወጣ። አንዳንዱ ጀሪካን ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ ባንድ ቀን ልሙላ ካለ ደግሞ አውሎ ነፋስ ባይኖርም ቤንዚን ያልቃል። ከተማው ዳር ዳር አንዳንድ ማደያዎች ጋሎኑን ከ5 ዶላር በላይ ሰቀሉት። ግርግር ለሌባ ይመቻል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። የዚያኑ ዕለት የጊዜው የጆርጂያ ገዥ ሶኒ ፐርዱ የዋጋ መቆለል ሕጉ ሥራ ላይ ይዋል ብለው ትእዛዝ ፈረሙ።

ሕጉ ብዙ ሰው እንደሚያስበው «ዋጋ አትጨምር» አይልም። የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ በኋላ፣ ከአዋጁ በፊት በነበረው ዋጋ ሽጥ ነው የሚለው። መጨመር ከፈለግህ ዕቃው አንተን ያስወጣህን ጭማሪ አሳይ፣ በዚያ ላይ ከአዋጁ በፊት በነበሩት 10 ቀናት ታገኝ የነበረውን የትርፍ መጠን ብቻ ጨምር ይላል። እኔ ይሄን ሕግ እወደዋለሁ። ደረሰኝ ላለው ነጋዴ ሕጉ አይከብደውም። በፌዴራል ደረጃ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። እያንዳንዱ ግዛት የየራሱ አለው፣ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ኒው ጀርሲን ብታዩ በአስቸኳይ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ መጨመርን ነው ከመጠን ያለፈ የሚለው።

ከዚያ ኮንግረሱ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ነገሩን እንዲመረምር አዘዘ። ሪፖርቱ በ2006 ወጣ። በሰፊው ገበያውን ያጣመመ ሴራ አላገኘሁም አለ። ኮንግረሱ በሰጠው ትርጉም ዋጋ ቆልለዋል ሊባሉ የሚችሉ 15 ጉዳዮች አገኘ። ቸርቻሪዎች ብቻ አልነበሩም፣ ማጣሪያዎችና ጅምላ ሻጮችም ነበሩበት። ከ15ቱም አብዛኞቹን የየአካባቢው ገበያ ያስረዳቸዋል ብሎ አለፈ። በጊዜው ይሄን የሰማ የታክሲ ሾፌር ሁሉ ሳቀ። እውነት ለመናገር እኔም ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ግን ኮሚሽኑ ያን ያህል አልተሳሳተም። ሁላችንም ቁጣችንን የጣልነው ዋጋው በወጣባቸው በእነዚያ ሦስት አራት ቀናት ላይ ነበር።

አገር አቀፉን አማካይ እንየው። ኦገስት 29 ቀን ጋሎኑ 2 ከ61 ነበር። ሴፕቴምበር 5 ቀን 3 ከ07 ገባ። 46 ሳንቲም ባንድ ሳምንት። ወደ 2 ከ60 ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ ግን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነው። መሐል ላይ ሪታ የምትባል ሌላ ሃሪኬን መጥታለች፣ ያንን አልክድም። ፐርዱ ያኔ ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው ትምህርት ቤቶች ሁለት ቀን እንዲዘጉ እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር። ሪታ ባትኖርም ግን ነገሩ ብዙም የተለየ አይሆንም ነበር። አውሎ ነፋስ በሌለበት ዓመትም ያው ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ይሄን ቆጥረው አይተውታል። የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ሲወጣ ማደያው ቶሎ ይከተላል፣ ሲወርድ እየተጎተተ ነው። እነሱ እንደ ሮኬት ይወጣል፣ እንደ ላባ ይወርዳል ይሉታል። እኛ ሰፈር ደግሞ ሲወጣ በአሳንሰር፣ ሲወርድ በእግሩ ነው።

አሁን ወደዚያ ሁለተኛ መልስ ልመለስ። ኦክቶበር ገብቷል። ዲፖው ዋጋ መቀነስ ጀምሯል፤ የቦቴው ደረሰኝ በእኔ እጅ ስለሚያልፍ አየዋለሁ። ባለቤቱ ግን ዘንጉን አውጣ አይለኝም። አንድ ማታ ደፈር ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ቀንሷል እኮ። ቁጥሩን አላውርድ?»

«ቆይ እንጂ። በውድ የገዛሁት መቼ አለቀ?»

ልብ በሉ። ኦገስት ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ርካሽ ቤንዚን አይቆጠርም ነበር። የሚቆጠረው ነገ የሚመጣው ውድ ቤንዚን ነው። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ነገ የሚመጣው ርካሹ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውዱ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ሲሰሙ ልክ ናቸው። ባንድ አፍ ሲነገሩ ግን አንዱ ውሸት ነው። እትዬ ያኔ የጠየቁኝን ጥያቄ እሱ ራሱ ከሁለት ወር በኋላ ለራሱ መልስ አደረገው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን የእሱንም ወገን ልናገር። ከአንድ ጋሎን የሚተርፈው ጥቂት ሳንቲም ነው። ደንበኛው በካርድ ሲከፍል ባንኩ ከጠቅላላው ላይ በመቶኛ ይቆርጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ቆረጣውም ይወጣል። ትልቅ ብራንድ የሌለው ማደያ ደግሞ ዕጥረት ሲመጣ ዲፖው መጀመሪያ ጀርባውን የሚሰጠው ለእሱ ነው። ቅድሚያ ኮንትራት ላላቸው ነው፣ የተረፈውን እሱ በውድ ይገዛል። እኛ ሐበሾች ብዙ ጊዜ የምንይዘው እንዲህ ያለውን ማደያ ነው። ስለዚህ ዋጋው በሚወጣበት ሳምንት ሕዝቡ የሚሰድበው ከሁሉም በላይ የተጎዳውን ሰው ሊሆን ይችላል። የጎደለውን ኪሱን የሚሞላው ዋጋው ቀስ ብሎ ሲወርድ ነው። ይገባኛል። ገባኝ ማለት ግን ተስማማሁ ማለት አይደለም። ምክንያቱም የሱን ጉድለት በኦክቶበር የሞላችው ቤት ለማፅዳት ከክላርክስተን ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ወደ ቡክሄድ የምትነዳ ሴት ናት፤ የእሷን ማን ይሞላላታል?

ዋጋውን ጨርሶ አትንኩት፣ ዕጥረት ሲመጣ ውድ ዋጋ ሰልፍ ያሳጥራል፣ ቦቴም ይስባል የሚሉ አሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። በሴፕቴምበር 2008 ሃሪኬን አይክ ቴክሳስን ሲመታ ሕጉ ሥራ ላይ ነበር። ነገር ግን አትላንታ ለሳምንታት ሰልፍ ቆማለች። ሰው ቦቴ ካየ እየተከተለ ነበር የሚነዳው። አገር ቤት ያለ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። መንግሥት በተመነው ዋጋ ማደያው «ቤንዚን የለም» ብሎ ይለጥፋል፣ ከአጥሩ ማዶ ልጁ በሃይላንድ ይዞ በእጥፍ ይሸጣል። ስለዚህ ዋጋው እንዳይወጣ መቆለፍ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ሃሪኬን ሄሊን በ2024 የጆርጂያዋን ከተማ ኦገስታን ስትመታ ደግሞ ነገሩ የዋጋም አልነበረም። ቤንዚኑ ጉድጓዱ ውስጥ አለ፣ መብራት ስለሌለ ፓምፑ አይስበውም። ፍሎሪዳ አዳዲስ ማደያዎችን ጄኔሬተር የሚሰካበት መስመር ዘርጉ የምትለው ለዚህ ነው። ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ያ የ10 ቀን የትርፍ መጠን መለኪያ ጥሩ ነው። ችግሩ የአስቸኳይ ጊዜው ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። ካሜራው ሲሄድ፣ ጋዜጠኛው ሲሄድ፣ ሕጉም ይሄዳል። ላባው መውረድ የሚጀምረው ደግሞ ያኔ ነው። አዋጁ ከተነሳ በኋላም ለ60 ቀን ያህል መለኪያው ይቆይ። ማደያውም፣ ዲፖውም፣ ማጣሪያውም። በውድ ገዛሁ ያለ ደረሰኙን ያውጣ፤ ኦገስት ላይ «ነገ ይወደዳል» ብሎ የጨመረ ኦክቶበር ላይ «ነገ ይረክሳል» ብሎ ይቀንስ። ከሁለቱ ቋንቋ አንዱን ይምረጥ። ታክስ ማንሳትም እንዲሁ ነው። ፐርዱ በ2005 የጋዝ ታክስ አንስተዋል፣ የኋላው ገዥ ብራያን ኬምፕም ከሄሊን በኋላ አንስተዋል። ለአድራጊው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የተነሳው ሳንቲም ሙሉውን ደንበኛው ጋ መድረሱን ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ከሌለ መሐል መንገድ ላይ የሚቀር አይጠፋም።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «የወጣ ዋጋ አይወርድም» ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። ታክሲው ነዳጅ ጨመረ ብሎ ታሪፍ ይጨምራል፣ ሽንኩርቱ ታክሲ ጨመረ ብሎ ይከተላል። እኔም ያንን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብዬ ነው አሜሪካ የገባሁት። ለዚህ ይሆናል የባለቤቱ ሁለተኛ መልስ ያኔ ጆሮዬን ያልቆረቆረው። ደረሰኙ እጄ ላይ እያለ እንኳ «ይሁን» ብዬ ወደ ካሸሬ ተመለስኩ።

በኦክቶበር መጨረሻ በስተመጨረሻ ደወለ። ዘንጉን አወጣሁ። 3ቱን ሁሉ አወረድኩ፣ 2 ሰቀልኩ። የተለጠፉትን ሁለቱን 8 መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ፕላስተራቸውን በጥፍሬ ስልጥ ባለቤቱ ገባ።

«ተዋቸው፣ አትልጣቸው» አለኝ። «ሌላ ሃሪኬን መምጣቱ አይቀርም።»